የመርዶው ማለዳ ለምን አይደበዝዝም? ስለ አንጎል ኬሚካላዊ መልእክተኞችና ስለ ስሜት ትውስታ

ባለፈው የጾም ወቅት በዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ አንስቼ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ 20 ምላሾች ተሰጥተውበታል። መካከሉ ላይ ቁጣ ገብቶበታል፤ ከጉዳዩ የወጣም አለ። ሆኖም ብዙዎቹ በቁም ነገር ታስቦባቸው የተጻፉ ስለሆኑ፣ አዲስ የሚገባ አንባቢ ሁሉን እየፈለገ እንዳይደክም የእያንዳንዱን ሐሳብ በተራው በራሴ ቃል አሰፍረዋለሁ። የጥናቶቹ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የራሴ ታሪክ ብቻ በእኛ ነው።

የመክፈቻ ጽሑፌ ስለ አባቴ መርዶ ነበር። የካቲት 2001 ዓ.ም. ከእህቴ ጋር በምንኖርበት የሰሜን አውሮፓ ከተማ ጎህ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ የማኅበራችን ሽማግሌዎች፣ ሁለት ጓደኞቼ፣ እንዲሁም ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ የለበሰች አንዲት ጎረቤታችን ቆመዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። በስደት የሚኖር ሰው በዚያ ሰዓት በሩን ከፍቶ ይህን ያህል አበሻ ቆሞ ካየ ሌላ የሚጠብቀው ነገር የለም። የአንደኛው ሽማግሌ ጫማ ላይ የቀረው በረዶ ሲቀልጥ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ቢጫ ፔርሙዝ፣ የማሞቂያው ድምፅ ዛሬም ከፊቴ አይጠፉም። ከዚያ በኋላ ያለው የለቅሶ ሳምንት ግን ባዶ ነው። ማን መጣ፣ ማን እህል አቀረበልን፣ ሰልስቱ እንዴት አለፈ፣ አላውቅም። የአንድ ሰው አንጎል አንዱን ማለዳ ቆልፎ ይዞ ተከታዮቹን ሰባት ቀናት እንዴት ይለቃቸዋል? በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱት ኬሚካሎች በዚህ ላይ ያላቸው ድርሻ ምንድን ነው? ጥያቄዬ ይህ ነበር።

1ኛዋ ምላሽ ሰጪ በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በቤት ሠራተኝነት የኖሩ እህት ናቸው። በመጀመሪያ አባቴን ነፍስ ይማር ብለው፣ እሳቸው የእናታቸውን ሞት የሰሙት በአሠሪዎቻቸው ቤት ልብስ ሲተኩሱ በስልክ መሆኑን ተረኩ። አጠገባቸው አንድም የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ዛሬም የካውያ እንፋሎት ሲሸታቸው ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ከእኔ የተለየው ነገር ብቻቸውን መሆናቸው ስለሆነ፣ ሰው ከቦ ማርዳት የትውስታውን ክብደት ይቀንስ እንደሆነ ጠየቁ። ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው በቀጥታ የመለሰላቸው አልተገኘም፤ እኔም ያዘንኩት በዚህ ነው።

2ኛው ምላሽ የውይይቱን ክር የተሸከመው ነው ብል አላጋነንኩም። ጸሐፊው ፊዚዮሎጂ የሚያስተምሩ ሰው ሲሆኑ፣ ጉዳዩን ከሰውነት ጀምረው ወደ አንጎል አመጡት። ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊቶቹ በላይ የተቀመጡት እጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ በኃይል ይመታል፤ እጅ ይቀዘቅዛል። አድሬናሊን ግን ከደም ወደ አንጎል እንደልቡ አይገባም፤ የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ይከለክለዋል። ስለዚህ ወሬው በሌላ ደጃፍ ይገባል። ቬገስ የተባለው ረጅም ነርቭ የሰውነቱን ሁኔታ ወደ አንጎል ግንድ ያደርሳል፤ በዚያም ሎከስ ኮሩሊየስ የሚባል፣ በአሥር ሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት ያሉት ትንሽ ስፍራ ይነቃና ኖርአድሬናሊን የተባለውን መልእክተኛ በመላው አንጎል ይረጫል። ይህ መልእክተኛ በተለይ አሚግዳላ የተባለውን የአንጎል ክፍል ሲያነቃ፣ አሚግዳላ ደግሞ ትውስታን የሚያደራጀውን ሂፖካምፐስን ያበረታታል። መምህሩ አሚግዳላን ከመዝገብ ቤት ጋር እንዳናምታታው አጥብቀው አሳሰቡ። እሱ መዝገቡን የሚያስቀምጥ ሳይሆን፣ ለመዝገብ ቤቱ ይህ ጉዳይ በጥንቃቄ እንዲያዝ ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ ነው። ይህን አመለካከት ለአሥርተ ዓመታት በሙከራ ያጎለበቱት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የሠሩት ጄምስ ማጎ ናቸው።

በዚሁ ምላሽ ውስጥ እኔን ቆም ያደረገኝ የጊዜው ነገር ነው። ትውስታ እንደ ሸክላ ነው፤ እንደተሠራ አይጠነክርም፣ እስኪደርቅ ሰዓታት ይፈልጋል። በ1975 ፖል ጎልድና ባልደረባቸው አይጦችን ካሠለጠኑ በኋላ አድሬናሊን ሲወጓቸው፣ መርፌው ወዲያው የተሰጣቸው የተማሩትን በይበልጥ ያዙ፤ ዘግይቶ ሲሰጥ ግን ጥቅሙ እየቀነሰ ሄደ። መጠኑም ወሳኝ ነበር። መካከለኛው ሲያጠነክር ከፍተኛው አበላሸ። እንግዲህ ድንጋጤው ሥራውን የሚሠራው በሩ ሲከፈት ብቻ ሳይሆን፣ እንግዶቹ ገብተው ከተቀመጡና ልቅሶው ከተጀመረ በኋላም ነው ማለት ነው።

3ኛው ጠያቂ በአንድ መስመር፣ ሥራውን የሚሠራው የልብ ምቱ ነው ወይስ አንጎል ውስጥ ያለው ኬሚካል ብለው አስገቡ። 4ኛው ምላሽ የመምህሩ መልስ ነው። በ1994 ላሪ ኬሂልና ማጎ ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ለበጎ ፈቃደኞች በሥዕል የተደገፈ አንድ ታሪክ አሳዩ። ታሪኩ አባቱን ለመጎብኘት ከእናቱ ጋር ሲሄድ በመኪና ስለተገጨ ልጅ ነው፤ ለሌሎቹ ደግሞ ሥዕሎቹ ሳይቀየሩ ጉዳት የሌለበት ተራ ታሪክ ተነገራቸው። ከተመልካቾቹ ከፊሎቹ አንድ ሰዓት አስቀድመው 40 ሚሊግራም ፕሮፕራኖሎል ወስደው ነበር፤ ይህ መድኃኒት አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን የሚያርፉባቸውን ቤታ ተቀባዮች ይዘጋል። ከሳምንት በኋላ ሳያስቡት ሲፈተኑ፣ ባዶ ክኒን የወሰዱት የአደጋውን ክፍል ከሌላው አስበልጠው ሲያስታውሱ፣ ፕሮፕራኖሎል የወሰዱት ያ ብልጫ ጠፋባቸው። ተራውን ታሪክ የሰሙት ላይ ግን መድኃኒቱ ለውጥ አላመጣም። በ1998 ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ወደ አንጎል በደንብ የማይገባውን ናዶሎልን ከፕሮፕራኖሎል ጋር አነጻጸሩ። ትውስታውን የቀነሰው ፕሮፕራኖሎል ብቻ ሆነ። ስለዚህ የ3ኛው ጥያቄ መልስ አንጎል ነው፤ የልብ ምቱ ወሬ ያቀብላል እንጂ አይፈርድም።

5ኛው ምላሽ የቃል እርማት ነበር፤ በጨዋነት የቀረበና ተገቢ እርማት። በመክፈቻ ጽሑፌ አድሬናሊንን የአንጎል መልእክተኛ ብዬው ነበር። ጸሐፊዋ በደም የሚጓዘው ሆርሞን መባል እንዳለበት፣ ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚሻገረው ደግሞ ነርቭ አስተላላፊ መባል እንዳለበት አስረዱኝና አስተካከልኩ። መልእክተኛ የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣም ጨመሩልን። ኦቶ ሎቪ በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ በፋሲካ ሰሞን ሌሊት በሕልማቸው አንድ ሙከራ አይተው በቁራጭ ወረቀት ጫሩ፤ ሲነጋ ጽሑፋቸውን ማንበብ አቃታቸው። ሕልሙ በማግስቱ ሌሊት ሲመለስ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ቤተ ሙከራቸው ሄደው፣ የአንዷን እንቁራሪት ልብ በቬገስ ነርቩ በኩል አዘግይተው፣ ልቡ የተነከረበትን ፈሳሽ በሌላዋ እንቁራሪት ልብ ላይ አፈሰሱ። ሁለተኛውም ልብ ዘገየ። በነርቭና በልብ መካከል ቃል አቀባዩ ኬሚካል መሆኑ በ1921 እንዲህ ታተመ፤ ኬሚካሉም ኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ። በ1936 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ የተማሩ ሰዎች ማዕድ ይመስል ነበር። 6ኛው ምላሽ ግን ጠንከር ብሎ መጣ። ጸሐፊው ከ5ኛዋ ታሪክ ተነስተው፣ ሎቪ ያን ሌሊት ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲተርኩት በየጊዜው የሚሰጡት ዝርዝር እርስ በርሱ እንደማይገጥም፣ ስለ ዓመቱ እንኳ ልዩነት እንዳለ ጠቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፔርሙዙንም በረዶውንም እንዳየኋቸው በምን አረጋግጫለሁ? ብርሃን ያለው ትውስታ ሁሉ እውነት ነው ብሎ መነሳት የጥያቄዬ ስሕተት መሆኑን፣ መድረኩም በዚህ ስሕተት ላይ ሕንጻ እየሠራ መሆኑን ያለ ማለሳለሻ ጻፉ። ማስረጃቸው ጠንካራ ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ጥር 28 ቀን 1986 በፈነዳች ማግስት፣ በአሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ኧልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ 106 ተማሪዎች ወሬውን የትና ከማን እንደሰሙ በጽሑፍ እንዲመልሱ አደረጉ። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይተው ከመካከላቸው 44ቱን መልሰው ጠየቋቸው። ከ7 ነጥብ አማካዩ ውጤት 2.95 ብቻ ነበር፤ 11ዱ ዜሮ አገኙ፤ ሙሉ ነጥብ ያገኙት 3 ብቻ ናቸው። ስለ ትክክለኛነታቸው የነበራቸው እርግጠኝነት ግን ከ5 ነጥብ በአማካይ ከ4 በላይ ነበር። የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ እንኳ የቀደመው ትውስታ አልተመለሰላቸውም።

7ኛዋ እህት ተቆጡ። ሐዘንተኛን ሰው በችሎት እንደቆመ ምስክር መመርመር ነውር መሆኑን፣ የአባቱን መርዶ የሚተርክ ሰው የሚፈልገው መጽናናት እንጂ ነጥብ አለመሆኑን ጻፉ። ስሜታቸውን አከብራለሁ፤ ስለ እኔ መቆማቸውንም አልረሳም። ሆኖም ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔ ነኝና መልሱ ሲመር መሸሽ አልፈለግሁም። በ8ኛው ምላሽ ራሴ ገብቼ ሳልጽፍ የተውኩትን ገለጥኩ። ያን ማለዳ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ እላለሁ፤ እህቴ ደግሞ የከፈተችው እሷ መሆኗን፣ እኔ ገና አልጋ ላይ እንደነበርኩ በእግዚአብሔር ስም ትምላለች። ፔርሙዙን ፈጽሞ አታውቀውም። ሁለታችንም አንዳችንን ሐሰተኛ ብለን አናውቅም፤ ግን አንዳችን ያላየነውን አይተናል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ምላሾች ተያይዘው መጡ፤ ለእኔ የክሩ እምብርት እነዚህ ናቸው።

9ኛው ጸሐፊ የኒውሮሳይንስ ተማሪ መሆናቸውን አስተዋውቀው፣ 2ኛውና 6ኛው ምላሾች የሚጣሉ ቢመስሉም ሁለቱም ልክ መሆናቸውን አሳዩ። ኖርአድሬናሊን ትውስታን እንደሚያጠነክር የማያሻማ ማስረጃ አለ። ተማሪው እዚህ ላይ መድኃኒት የሌለበት አንድ ሙከራ ጨመሩ፤ በ2003 ኬሂልና ባልደረቦቻቸው ሰዎችን ሥዕል ካሳዩ በኋላ እጃቸውን በበረዶ ውሃ ውስጥ እንዲነክሩ አደረጉ፤ ከሳምንት በኋላ እነዚህ ሰዎች ስሜት ቀስቃሽ የሆኑትን ሥዕሎች ከሌሎቹ ሰዎች የበለጠ አስታወሱ፤ ተራዎቹ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ነገር ግን ማጠንከር ማለት ሁሉንም በእኩል ማጠንከር አይደለም። የድንጋጤ ዓይን ጠባብ ነው፤ የጉዳዩን አንኳር ይዞ ጠርዙን ይተዋል። የተተወውን ጠርዝ አንጎል በኋላ፣ ታሪኩ በተነገረ ቁጥር፣ ከሚያውቀው ነገር እያነሳ ይሞላዋል። በ2003 በታተመ ሌላ ጥናት፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ መስከረም 12 ቀን 2001፣ ማለትም ከኒው ዮርኩ ጥቃት ማግስት፣ 54 ተማሪዎች ስለ ወሬውና ስለ አንድ ተራ የሰሞኑ ገጠመኛቸው ጽፈው ነበር። ጊዜ በሄደ ቁጥር ሁለቱም ትውስታዎች በእኩል ፍጥነት ከመጀመሪያው ቃል እየራቁ ሄዱ። ተራው ገጠመኝ ሲደበዝዝና የባለቤቱ እምነት ሲቀንስ፣ የጥቃቱ ትውስታ ግን ብርሃኑም እምነቱም አልቀነሰም። የተማሪውን ሐሳብ እኔ በዚህ መልክ ይዤዋለሁ፤ ኬሚካሎቹ በትውስታ ላይ የሚያሳርፉት ማኅተም የክብደቱ ማኅተም ነው፤ የትክክለኛነቱ ማረጋገጫ አይደለም። ማኅተሙ ስላለ ብቻ ደብዳቤው ውስጥ ያለው ሁሉ ልክ ነው ማለት አይቻልም።

10ኛዋ ነርስ ናቸው። የለቅሶ ሳምንቴ መጥፋት በኮርቲሶል የተነሳ መሆኑን ጻፉ፤ ውጥረት ሲረዝም ይህ ሆርሞን ሂፖካምፐስን ያደክማል የሚል ነበር ሐሳባቸው። በሥራቸው ያዩትንም አካፈሉ። ራሷን ስታ ለወደቀች ሐዘንተኛ ዳያዜፓም ተሰጥቷት ተረጋጋች፤ ከወር በኋላ ግን የልጇን የቀብር ዕለት ማስታወስ አቅቷት፣ ያን ቀን የነጠቃት ማን እንደሆነ እየጠየቀች ታለቅስ ነበር። ዳያዜፓምና ዘመዶቹ ጋባ የተባለውን የማርገቢያ መልእክተኛ ሥራ ስለሚያበረቱ፣ ከተወሰዱ በኋላ ያለው ነገር እንዳይመዘገብ ያደርጋሉ። ነርሷ ይህን ከጻፉ ወዲህ፣ በለቅሶ ቤት ማረጋጊያ ሲሰጥ ቤተሰብ ይህ እንዲነገረው እመኛለሁ።

11ኛው ምላሽ መምህሩ ነርሷን በአክብሮት ያረሙበት ነው። ኮርቲሶል ዘገምተኛ ነው፤ ድንጋጤው ካለፈ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ከፍ ይላል፤ በስብ ስለሚሟሟ ወደ አንጎል በቀላሉ ይገባል። በአሚግዳላ ውስጥ ከኖርአድሬናሊን ጋር ሲገናኝ አዲሱን ትውስታ በማጠንከር ይተባበራል። የሚያደናቅፈው በይበልጥ ቀድሞ የተያዘን ነገር ማውጣትን ነው። ዶሚኒክ ደ ከርቫን በ1998 አይጦችን ከፈተና 30 ደቂቃ በፊት በኤሌክትሪክ ሲያስደነግጧቸው የተማሩትን መንገድ ማግኘት ተሳናቸው፤ ድንጋጤው ከፈተናው 2 ደቂቃ ወይም 4 ሰዓት በፊት ሲሆን ግን አልተሳናቸውም። ስለዚህ የሰባቱን ቀን መጥፋት በኮርቲሶል ብቻ ማሳበብ አይቻልም። መምህሩ ቀለል ያለውን ምክንያት አስቀደሙ። ሐዘንተኛ አይተኛም፤ ትውስታ ደግሞ የሚደላደለው በእንቅልፍ ነው። የለቅሶ ቀናትም ይመሳሰላሉ፤ ሰው ይገባል፣ ይለቀሳል፣ ይወጣል፤ አንዱ ቀን በሌላው ላይ ይደረብና የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። በለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

የአይጦቹ ፈተና ነገር ክሩን ለጊዜው ከመንገዱ አወጣው። 12ኛው ጸሐፊ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ አእምሯቸው ባዶ የሚሆነው በዚህ መሆኑ ገባቸውና፣ ከፈተና በፊት ጫት መቃም ይረዳ እንደሆነ ጠየቁ። 13ኛዋ ምላሽ ሰጪ፣ ፋርማሲስት ናቸው፣ ነገሩን በአጭሩ ቆረጡት። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን የተባለው ሌላ መልእክተኛ እንዲለቀቁ ስለሚያደርግ ንቃቱ የእውነት ነው፤ ግን እንቅልፍ ይነጥቃል፤ እንቅልፍ ሲሄድ ደግሞ የተጠናው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። 14ኛው በትዝታና በትውስታ መካከል ስላለው ልዩነት፣ ከዚያም ስለ ትዝታ ቅኝት ረጅም ጽሑፍ አስነበቡ። ውብ ጽሑፍ ነው፤ ቦታው ግን እዚህ ስላልነበረ ሌላ ክር እንዲከፍቱለት በአክብሮት ጠይቄያቸዋለሁ። ከእሱ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። ትዝታ የሚለው ቃላችን ስሜቱን ከታሰበው ነገር አይነጥለውም፤ ሳይንሱ አሁን የደረሰበትን ቋንቋችን አስቀድሞ ይዞታል።

15ኛው ጸሐፊ ስለ ደስታ ማንም አለመናገሩ ገርሟቸው፣ የልጃቸው መወለድ እንደ መርዶዬ ለምን እንደቆየላቸው ጠየቁ። መልሱን ያመጡት ያው ተማሪ ናቸው። ኖርአድሬናሊን ደስታና ሐዘን አይለይም፤ የሚለየው ከባዱንና ቀላሉን ነው። ሽልማትና አዲስ ነገር ሲመጡ ደግሞ ዶፓሚን ይጨመራል። በ2016 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እዚያው ሎከስ ኮሩሊየስ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት በሂፖካምፐስ ዶፓሚንም እንደሚለቁ፣ አንድ ተራ ነገር ከተማሩ ከ30 ደቂቃ በኋላ አዲስ ገጠመኝ የገጠማቸው አይጦችም ያንን ተራ ነገር እንደያዙት ታይቷል። ይህን ሳነብ ስለ ፔርሙዙ አሰብኩ። ከታላቁ ነገር አጠገብ የተቀመጠ ትንሽ ነገር ከታላቁ ጋር አብሮ ሊታተም ይችላል ማለት ነው፤ በርግጥ እዚያ ከነበረ።

17ኛው ምላሽ ከእስራኤል መጣ፤ ክሩም ከዚያ ጀምሮ ሌላ ክብደት ያዘ። ጸሐፊው ወላጆቻቸው በ1984 በእግር ወደ ሱዳን ከተጓዙት ቤተ እስራኤል ናቸው። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። እናታቸው በመንገድ የቀበሩትን ሕፃን በየዓመቱ በመታሰቢያው ዕለት ስሙን ጠርተው ያለቅሳሉ፤ ማታ ማታም ይባንናሉ። ጸሐፊው የ4ኛውን ምላሽ አንብበው፣ ፕሮፕራኖሎል ለእናታቸው ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። 18ኛው ምላሽ በቁጣ የተሞላ ነበር። ሐዘንን በክኒን መፋቅ ሙታንን ሁለተኛ መግደል ነው የሚል ሐሳብ፣ ለጠያቂው በማይገባ ቃል ተሰነዘረ። እናቱን በሌሊት የሚሰማ ልጅ ይህ አይገባውም ነበር።

ሥርዓት የመለሱት ፋርማሲስቷ ናቸው፤ 19ኛው ምላሽ የሳቸው ነው። አንደኛ፣ ፕሮፕራኖሎል ያለ ሐኪም የሚሞከር መድኃኒት አይደለም፤ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በድንገት ማቋረጡም አደጋ አለው። ሁለተኛ፣ ታሪክ አይፍቅም። በ2000 ካሪም ናደርና ጆሴፍ ለዱ አይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ የቆየ ፍርሃት ሲታወስ ለጥቂት ሰዓታት እንደገና ይላላና ዳግም መጠንከር ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚከለክል መድኃኒት በአሚግዳላ ውስጥ በዚያች ሰዓት ከተሰጠ ፍርሃቱ ይዳከማል። በ2009 በአምስተርዳም ሜረል ኪንትና ባልደረቦቿ አንድ ሥዕል እንዲፈሩ በተደረጉ ሰዎች ላይ በፕሮፕራኖሎል ሲሞክሩት፣ የድንጋጤው ምላሽ ጠፋ፤ ሰዎቹ ግን የትኛው ሥዕል ሕመም እንደሚያስከትል አሁንም ያውቁ ነበር። የደከመው ፍርሃቱ እንጂ እውቀቱ አልነበረም። ስለዚህ የ18ኛው ጸሐፊ ስጋት በዚህ ማስረጃ ላይ አይቆምም፤ እናትየው የልጃቸውን ስም አይረሱም። ሦስተኛ፣ ፋርማሲስቷ ተስፋውን ከልክ በላይ እንዳናስረዝመው አስጠነቀቁ። ሙከራውን የደገሙ አንዳንድ ቡድኖች ያንን ውጤት አላገኙም፤ አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች ወዲያው መድኃኒቱን በመስጠት በኋላ የሚመጣውን ጭንቀት ለመከላከል የተደረጉት ሙከራዎችም የተጠበቀውን አላስገኙም። ለመባነን ዛሬ የተሻለ ማስረጃ ያለው በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራ የንግግር ሕክምና ነው፤ በእናትየው ቋንቋ የሚሰጥ ቢገኝ ደግሞ መልካም ነበር። ጠያቂው በእናታቸው ፈቃድ ባለሙያ እንደሚያነጋግሩ ጽፈው አመሰገኑ።

16ኛውን ምላሽ ወደ ኋላ ያስቀረሁት ከ20ኛው ጋር ስለሚያያዝ ነው። 16ኛው፣ እህትና ወንድም ለአንድ ሐዘን የተለያየ ትውስታ የሚይዙት በደም ልዩነት ይሆን እንዴ ብለው ነበር። 20ኛው ጸሐፊ በ2007 የታተመውን የደ ከርቫንን ጥናት አመጡ። ኖርአድሬናሊን ከሚያርፍባቸው ተቀባዮች አንዱን የሚሠራው ዘረመል በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጥቂት ክፍል ጎድሎት ይገኛል። ይህ ዓይነት ያላቸው ስዊዘርላንዳውያን ስሜት የሚነኩ ሥዕሎችን አብልጠው ያስታውሱ ነበር፤ በኡጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች መጠለያ የሚኖሩ ከሩዋንዳው እልቂት የተረፉ ሰዎች ላይ ደግሞ፣ ያው ዓይነት ያላቸው የደረሰባቸውን ነገር ደጋግመው በውስጣቸው ሲያዩት ተገኝቷል። ጸሐፊው አክለው እንዳሉት ይህ ዝንባሌን እንጂ ዕጣን አይነግርም፤ የእኔና የእህቴን ክርክርም አይፈታም። ዘረመል በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ክሩ ከቆመ በኋላ እህቴን ደወልኩላት። በዚያ ሰሞን የምትጽፍበት ማስታወሻ ደብተር እንደነበራት አላውቅም ነበር። ገጹን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በዕለቱ ማታ የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ እኔን የቀሰቀሱኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ፔርሙዙን ያመጣችው ጎረቤታችን ናት፤ በሦስተኛው ቀን፣ ከነቡናው። ከሰባቱ ባዶ ቀናት አንዱ ኖሯል። ገጹን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በእጅ ጽሑፏ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ዓይኔን ስጨፍን ግን አሁንም እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነው፣ ብረቱም ይቀዘቅዛል፤ ከኋላዬ ጠረጴዛው ላይ ፔርሙዙ ቢጫ ነው።